ሱሱና ማገሩ

ይድረስ ለምወድሽ እማዬ፤
 

«ቡና በወጉ ትጠጣለህ ወይ?» ላልሽኝ፣ እጠጣለሁ፤ እንዴት እንደምጠጣ ግን ባትሰሚው ይሻል ነበር። የጃካርታ ወጣት ነፍሱን የሚሰጥለት ቡና በረዶ፣ ወተትና የዘንባባ ስኳር የተሞላበት ነው። ስሙ «ኮፒ ሱሱ»። መጀመሪያ ቀን አስተናጋጇ «ሱሱ?» ስትለኝ ሱሰኛነቴን በምን አወቀችብኝ ብዬ ደነገጥኩ። ለካ ሱሱ በነሱ ቋንቋ ወተት ነው!

ካፌ የሚወደድበት ደግሞ በብስክሌት ከሚዞሩት ይገዛል። ብስክሌቱ ላይ የዱቄት ቡና ከረጢቶች እንደ ጨሌ ተንዠርግገዋል። ሰውዬው አንዷን በጥሶ ላስቲክ ኩባያ ውስጥ ይገለብጥና ከፔርሙዝ ውሃ ያንቆረቁራል፤ ከዚያ ያችኑ ባዶ ከረጢት አጣጥፎ ያማስልባታል። አዎ፣ በከረጢቷ! እነዚህን ሻጮች «ስታርሊንግ» ይሏቸዋል፤ ዟሪ ስታርባክስ ለማለት ነው።

በዚያች አንድ ኩባያ ሦስት ሰዓት ይቀመጣሉ። «ኖንግክሮንግ» ይሉታል፤ ተሰብስቦ ቁጭ ብሎ ወሬ። አቦል፣ ቶና፣ በረካ ሳይሉ እንዲህ መቆየታቸው እኔንም ይገርመኛል።

አንድ የሥራ ባልደረባዬን ቅዳሜ እንውጣ ባልኩት ቁጥር «ማገር» ይለኛል። የቤተሰቡ ምሰሶና ማገር እሱ ነው ማለት ነው ብዬ ስንት ሳምንት አከበርኩት መሰለሽ። ኋላ ስጠይቅ «ማላስ ገራክ» የሚለውን ቆራርጠው የቀጠሉት ኖሯል፤ መንቀሳቀስ ታከተኝ ማለት ነው። ቃሉን መጨረስም ታክቷቸዋል።

ሰነፎች ናቸው ብዬ ግን አላማቸውም። እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በ2022 ከቺታያም፣ ከቦጆንግገዴና ከዴፖክ በባቡር የሚመጡ የድሃ ልጆች፣ ዱኩህ አታስ ሰፈር የባለ ፎቆቹ መሥሪያ ቤቶች ሥር ያለችውን ዜብራ የፋሽን መድረክ አደረጓት። በርካሽ ልብስ እየተንጎራደዱ አገር ጉድ አሰኙ፤ ነገሩም «የቺታያም ፋሽን ሳምንት» ተባለ። የጊዜው አገረ ገዥ አኒስ ባስዌዳን ሳይቀር ተራመደባት። ስሙን የንግድ ምልክቴ ብሎ ሊያስመዘግብ የተነሣ ዝነኛም አልጠፋም፤ ሕዝቡ ሲጮኽበት ተወው።

ባለፈው እሁድ ያቺን ዜብራ አንቺ በላክሽልኝ ጋቢ ተሻገርኳት። በዚያ ወበቅ! ሁለት ኮረዶች ፎቶ እንነሣ ብለው ለመኑኝ፤ አንዷ ጋቢውን የት እንደሚሸጥ ጠየቀችኝ። ፎቶውን ልኬልሻለሁ፤ ላቤን ሳታዪ ልብሱን እዪ።

ደብዳቤህ ለምን ዘገየ ላልሽው፣ ማገር ሆኜ ነው።

ልጅሽ፣ ከጃካርታ