«ትንሽ ነው የቀራት»፦ በአንዲት አሮጌ ሞተር ሳይክል ላይ የተካሄደ የመስክ ጥናት

ይህ ጥናት የተነሣው ከአንድ የመለኪያ ችግር ነው። ታላቅ ወንድሜ (ከዚህ በኋላ «ባለ ሞተሩ») ከሰርቪስ ቤቱ ጥግ በላሜራ ባቆመው መጠለያ ውስጥ የሚጠግናት ሞተር ሳይክል መቼ እንደምትነሣ በተጠየቀ ቁጥር «ትንሽ ነው የቀራት» ይላል። ሜትር ምን ያህል እንደሆነ ይታወቃል፤ ኪሎም እንደዚሁ። «ትንሽ» ግን በማንም ተለክቶ አያውቅም። አጥኚው ከባለ ሞተሩ ጋር አንድ ግቢ ስለሚኖርና ጥናቱም በጀት ስለማይጠይቅ፣ ከመስከረም 2009 ዓ.ም ጀምሮ ያልተቋረጠ ክትትል ተደርጓል።

የጥናቱ አካል ያማሃ ኤጂ 100 ናት፤ ባለ 97 ሲሲ፣ ባለ ሁለት ምት። «ኤጂ» ግብርና ከሚለው የእንግሊዝኛ ቃል የተቆነጠረ ሲሆን፣ በአውስትራሊያና በኒውዚላንድ በግ የሚያግዱ ሰዎች የሚነዷት የእርሻ ሞተር ነች። ከፊትም ከኋላም የጭነት መደርደሪያ አላት። ሰንሰለቷ ጭቃ እንዳይገባበት ዙሪያውን ተሸፍኗል። የጎን ማቆሚያዋ በግራም በቀኝም ነው፤ በግ የሚያባርር ሰው በየትኛው ወገን ዘሎ እንደሚወርድ አስቀድሞ አያውቅምና። ወደ እኛ አገር ስትመጣ በግ አልጠበቀችም፤ የልማት ሠራተኛ ተሸክማ ገጠር ለገጠር ዞረች። ፕሮጀክቱ ሲያበቃ በጨረታ ወጣች። የጨረታው ማስታወቂያ «ባለችበት ሁኔታ» ይል ነበር። ሁኔታዋ ይህ ነበር፦ ፒስተኗ ሲሊንደሩን ነክሶ ቀርቷል፤ ሰልባትዮዋ ውስጡ ዝጓል፤ ኮርቻዋ ውስጥ ዶሮ ተፈልፍላ ታውቃለች። ባለ ሞተሩ ግን ከፊርማው በኋላ ጎማዋን በእግሩ መታ መታ አድርጎ፣ «ሞተሩ ምንም አልሆነ፤ ትንሽ ነው የሚያስፈልጋት» አለ። «ትንሽ» ለመጀመሪያ ጊዜ የተመዘገበው ያን ዕለት ነው።

በዚህ አጋጣሚ አንድ የቋንቋ ጉዳይ መጥራት አለበት። አባቶቻችን ሞተር ሳይክልን ከድምፁ ተነሥተው «ዶቅዶቄ» ብለውታል። ባለ አራት ምት ሞተር በሁለት ዙር አንዴ ብቻ ስለሚተኩስ በእርግጥም ዶቅ፣ ዶቅ ይላል። ባለ ሁለት ምቱ ግን በየዙሩ ስለሚተኩስ ዶቅ ለማለት ጊዜ የለውም፤ ድምፁ እንደ ተቆጣ ንብ ነው። ስለዚህ ይህችን ማሽን ዶቅዶቄ ማለት በጥብቅ ሲታይ ስሕተት ነው። አጥኚው ይህን ለእማዬ ቢያስረዳም «ዝም ያለች ነገር ምን ድምፅ አላትና ትጨቃጨቃለህ?» የሚል መልስ ስላገኘ ነጥቡ ለጊዜው ተዘልሏል።

ከዚህ የሚበልጠው የቋንቋ ግኝት ሌላ ነው። ባለ ሞተሩ ጣልያንኛ አይችልም። ሆኖም በአንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ብቻ ከአፉ 31 የጣልያን ቃላት ተቆጥረዋል፤ ካቻቢቴ፣ ፒንሳ፣ ቡሎን፣ ዳዶ፣ ሮንዴላ፣ ካንዴላ፣ ኩሽኔታ፣ ፋሻ፣ ፍሪሲዮን፣ ማርሚታ፣ ፓራፋንጎ፣ ፍሬቻ እያለ ይቀጥላል። ዝርዝሩ ሲመረመር ሁሉም ስሞች ናቸው፤ አንድም ግስ የለም። ጋራዡ ከጣልያን የዕቃውን ስም ሁሉ ሲወስድ «ጨረሰ» የሚለውን ሳይወስድ ቀርቷል። በአማርኛም አለን ብሎ ይሆናል።

የነከሰውን ፒስተን ለማላቀቅ ነጭ ጋዝ፣ ናፍጣና ኮካ ኮላ በየተራ ተሞክረዋል። ኮካው የጎረቤት ሐሳብ ነው፤ ውስጡ ያለው ፎስፎሪክ አሲድ ዝገት ይበላል። ግማሹ ለሲሊንደሩ፣ ግማሹ ለአማካሪው ዋለ። የሰልባትዮው ዝገት ጠጠርና ኮምጣጤ ተጨምሮበት በሰፈሩ ልጆች ሲወዘወዝ ሁለት ቅዳሜ ወሰደ። ፒስተኑ በመጨረሻ ሲወጣ ሲሊንደሩ ቶርኖ ቤት ተወስዶ በ0.50 ሚሊ ሜትር ሰፋ። ቀጥሎ የመጣው ጥያቄ ለሰፋው ሲሊንደር የሚሆን ፒስተን ከየት ይገኛል የሚለው ነው። ጥያቄው ከማስፋቱ በፊት ቢነሣ ኖሮ ስምንት ወር ይተርፍ ነበር።

ስምንቱ ወር ያለቀው ሶማሌ ተራና ምናለሽ ተራ መካከል ነው። እዚያ ያለው የዕውቀት ሥርዓት ለብቻው ጥናት ይገባዋል። ዕቃ «ኦሪጅናል»፣ «ኮፒ» እና «አንደኛ ኮፒ» ተብሎ ይከፈላል፤ የመጨረሻው ከኮፒ ይበልጣል፣ ከኦሪጅናል ያንሳል፣ ዋጋው ግን ከሁለቱም ይበልጣል። ያገለገለ ኦሪጅናል ከአዲስ ኮፒ ይሻላል የሚለው እምነት የማይነካ ነው። ባለ ሞተሩም በዚሁ እምነት ጸንቶ፣ ያገለገለ ኦሪጅናል ፋሻ ገዝቶ በጋዜጣ ጠቅልሎ መጣ። ፋሻው ከወጣው አሮጌ ፋሻ ጎን ሲቀመጥ የትኛው የትኛው እንደሆነ ጠፋ። እስከ ዛሬም አልተለየም።

የሰው ኃይሉን በተመለከተ በማንኛውም ቅዳሜ በመጠለያው ውስጥ አንድ የሚሠራ ሰው፣ ከአራት እስከ ስድስት የሚያዩ ሰዎች ይገኛሉ። የሚያዩት የቢራ ሳጥን ገልብጠው ይቀመጣሉ። ከመካከላቸው ሞተር ነድቶ የሚያውቀው አንዱ ብቻ ሲሆን እሱ አይናገርም።

ከፍተኛው አለመግባባት የተነሣው በዘይት ነው። ባለ ሁለት ምት ሞተር ከቤንዚኑ ጋር ዘይት መጠጣት አለበት። ያማሃ ነጂው በእጁ ከመደባለቅ እንዲድን ብሎ እ.ኤ.አ. በ1964 ኦቶሉብ የተባለ፣ ዘይቱን በራሱ ለክቶ የሚያስገባ ፓምፕ አውጥቷል፤ ይህችም አላት። ነበራት። ቀድሞ የያዛት መካኒክ «ፓምፕ አይታመንም» ብሎ ነቅሎታል። ስለዚህ ዘይቱ በእጅ ይደባለቃል፤ ልኩም 1 ለ20 እንዲሆን ተወሰነ፤ ማለትም ለ1 ሊትር ቤንዚን 50 ሚሊ ሊትር። መለኪያ ሲፈለግ ባለ ሞተሩ ወደ ቤት ገብቶ ተመለሰ።

«አንተ፣ ይሄ የረከቦቴ ሲኒ አይደለም?» አለች ባለቤቱ ከበሩ ላይ ሆና።

«ልኩ እሱ ነው።»

«ልኩ ማን አለ?»

«ታጥቦ ይመለሳል።»

አጥኚው ሲኒውን በመርፌ ለክቶ 70 ሚሊ ሊትር ሆኖ አግኝቶታል። ሬሾው እንግዲህ 1 ለ14 ገደማ ነው፤ ያን ያህል ዘይት ጭስ ይሆናል፣ ጭሱም የትም አይሄድም። ሲኒው ታጥቦ ተመልሷል። ከዚያ ወዲህ ቡና ሲፈላ ለባለ ሞተሩ የሚቀዳው በዚያ ሲኒ ብቻ ነው፤ አቦልም ይሁን በረካ ለውጥ የለውም።

በ2012 ዓ.ም ጥገናው ሳያልቅ «ማሳመር» ተጀመረ። ባለ ሞተሩ ካፌ ሬሰር የሚባል ነገር በስልኩ አይቶ ነበር። የዚህ አሠራር ምንጭ ለንደን ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1938 ከተከፈተው ኤስ ካፌን ከመሰሉ ቤቶች ደጃፍ የ1950ዎቹና የ60ዎቹ ወጣቶች ከካፌ ካፌ ይሽቀዳደሙ ነበር። ለፍጥነት ሲሉ የማይረባውን ሁሉ ነቅለው፣ መሪውን ዝቅ አድርገው፣ ሰልባትዮው ላይ ተኝተው ይነዳሉ። ይህ ወደ አዲስ አበባ ሲዛወር ሁለት ችግር ይገጥመዋል። አንደኛ፣ እዚህ ካፌ ማለት በአንድ ማኪያቶ ሦስት ሰዓት የሚቆዩበት ቦታ ስለሆነ፣ ለመድረስ የሚቸኩል ሰው በናሙናው ውስጥ አልተገኘም። ሁለተኛ፣ መሪው ዝቅ ሲል የባለ ሞተሩ ቦርጭ ከሰልባትዮው ቀድሞ ይደርሳል። የሆነ ሆኖ መደርደሪያዎቹ በግራይንደር ተቆረጡ። የኋላው ማድቤት ገብቶ የድስት ማስቀመጫ ሆኗል፤ ከሞተሯ አካላት ውስጥ ሥራ ላይ የዋለው ብቸኛው እሱ ነው። ሰልባትዮው አረንጓዴ ተቀባ፤ ሊብሬው ነጭ ይላል።

የሕግ ጉዳይ ከተነሣ፣ የከተማው አስተዳደር በ2011 ዓ.ም ሞተር ሳይክሎች ያለ ፈቃድ እንዳይንቀሳቀሱ ሲከለክል ብዙ ባለ ሞተሮች አጉረምርመዋል። የጥናቱ አካል ውሳኔውን ከወጣበት ቀን ጀምሮ ሳታጓድል አክብራለች፤ ከወጣበት ቀን በፊትም ሁለት ዓመት ከዘጠኝ ወር አክብራዋለች።

ወደ መለኪያው እንመለስ። አጥኚው የ«ትንሽ»ን ይዘት በየዓመቱ መዝግቧል። በ2009 «ትንሽ» ማለት ሞተሩ ነበር። በ2010 ፒስተኑ ነበር። በ2013 የመብራት ሽቦው፣ በ2015 ቀለሙ፣ ከዚያ አንዲት ጓርኒሲዮን። ከጠቅላላው ሥራ እየተቀነሰ ሲሄድ «ትንሽ» መቀነስ ነበረበት፤ አልቀነሰም። ባለ ሞተሩ ቃሉን ሲናገር አውራ ጣቱንና ጠቋሚ ጣቱን አቀራርቦ ያሳያል። ሳያስተውል በማስመሪያ በተደጋጋሚ የተለካው ክፍተት ሁልጊዜ 2 ሴንቲ ሜትር ነው።

ባለፈው የትንሣኤ ዋዜማ ረፋድ ላይ፣ ካንዴላው በብርጭቆ ወረቀት ተፍቆ፣ ባለ ሞተሩ መርገጫውን ይረግጥ ጀመር። አጥኚው ይቆጥር ነበር። በ23ኛው ላይ ሳል የመሰለ ነገር ተሰማ፤ በ24ኛው ተነሣች። ነጭ ሰማያዊ ጭስ ግቢውን ሞላው፤ ለበዓሉ የታሰሩት ዶሮዎች ገመዳቸውን ይዘው ተነሡ፤ እማዬ ሽሮ ማማሰያዋን እንደያዘች ከማድቤት ወጥታ እልል አለች። የባለ ሞተሩ ባለቤት እንኳ ነጠላዋን አፍንጫዋ ላይ አድርጋ ፈገግ ስትል ታይታለች። ሞተሩ አልጠፋም። አንድ ደቂቃ፣ ሁለት ደቂቃ ቀጥ ብሎ ሠራ። የሚያዩት ሁሉ ከሳጥኖቻቸው ላይ ቆመው ቀጥሎ ምን እንደሚደረግ ጠፋቸው።

ባለ ሞተሩ አንገቱን ዘንበል አድርጎ አዳመጠ። ከዚያ ጎንበስ ብሎ ቤንዚኑን ዘጋ። ድምፁ እየሳሳ ሄዶ ቆመ።

«ሰማችሁት?» አለ።

ማንም ምንም አልሰማም ነበር።

«ከውስጥ ትንሽ የሚል ነገር አላት» ብሎ ካቻቢቴውን አነሣ። ሰዎቹ ተመልሰው ሳጥኖቻቸው ላይ ተቀመጡ።