ግሸን ስንት ቀን ቀድሞ ይያዛል?

የእህቴ ልጅ ሚላኖ ነው የምትኖረው። የሊዮናርዶ ዳ ቪንቺ «የመጨረሻው እራት» ያለው እሷ ከተማ ነው። ሥዕሉን ማየት የፈለገ ሰው ትኬቱን ቀደም ብሎ፣ አንዳንዴም ከወራት በፊት ይቆርጣል። ተራው ሲደርስ ከጥቂት ሰዎች ጋር ይገባና 15 ደቂቃ ይሰጠዋል። ይሁዳ የትኛው እንደሆነ ገና ሲፈልግ ሰዓቱ ያልቅና መውጫውን ያሳዩታል። አምስተርዳም ያለው የአና ፍራንክ ቤት ደግሞ ትኬቱን በኢንተርኔት ብቻ ነው የሚሸጠው። በየማክሰኞው ከስድስት ሳምንት በኋላ ለሚሆነው ጉብኝት ይለቀቃል፤ ሮብ የነቃ ሰው የለበትም።

እንዲህ ባለው አገር የከረመች ልጅ ናት እንግዲህ «ጋሼ፣ የሳምንት ፈቃድ አግኝቻለሁ፤ ደመራን አዲስ አበባ፣ መስከረም 21ን ግሸን ማርያም አድርጌ እመለሳለሁ» ብላ የደወለችው። በማግስቱ ሠንጠረዥ ላከች። በአንዱ ዓምድ የቦታው ስም፣ በሌላው «ስንት ቀን ቀድሞ ይያዛል?» የሚል ጥያቄ። መልሱን እንድሞላ የታዘዝኩት እኔ ነኝ፤ ደሴ ተቀምጦ ይህን የማያውቅ አጎት ምን ያደርጋል?

የመጀመሪያው ረድፍ አውሮፕላኑ ነው። «መስከረም 21 ኦክቶበር 1 ነው» ብላ ጽፋለች። ልክ ናት፤ ጳጉሜን ስድስት ቀን ከሆነች በኋላ ባለው ዓመት ግን ልክ አይደለችም። በ2016 ዓ.ም. በዓሉ ኦክቶበር 2 ነበር የዋለው፤ በ2020ም እንደዚያው ይሆናል። ከውጭ የሚመጣ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ መያዝ ያለበት ትክክለኛውን ቀን ነው። የመልሱን በረራ ለዚያው ማታ የቆረጠ ደግሞ ከደሴ አዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ከግሸን ደሴም 80 ኪሎ ሜትር ያህል እንዳለ ረስቷል። ያም ሁሉ ሕዝብ የሚወርደው በአንድ ቀን ነው።

ሁለተኛው አውቶቡስ። የጉዞ ማኅበራት ማስታወቂያቸውን በየቤተ ክርስቲያኑ አጥር ላይ ይለጥፋሉ፤ መዝጋቢው ደብተሩን ገልጦ ስምህን ይጽፍና የመቀመጫ ቁጥር ይሰጥሃል። ቁጥሩን አምኖ የሚመጣ ሰው ለግሸን አዲስ ነው። በሌሊት ስትደርስ 12 ቁጥር ላይ አንዲት እናት ነጠላቸውን ተከናንበው፣ ባዶ የጠበል ጀሪካን እግራቸው መሐል ሸጉጠው ተቀምጠዋል።

«እናቴ፣ ቁጥሩ የኔ ነበር።»

«ተባረክ ልጄ፤ አንተንም እመቤቴ ቦታ ትያዝልህ።»

በዚህ ላይ ምን ይባላል? መተላለፊያው ላይ በርጩማ ትቀርብልሃለች፤ ምርቃቱን ይዘህ ትቀመጣለህ። ያም ሆኖ ተመዝገቢ አልኳት። ያልተመዘገበ ሰው በርጩማዋንም አያገኝም።

ሦስተኛው ማደሪያ። በመስከረም 20 ደሴ ላይ አልጋ መፈለግ ከንቱ ድካም ነው፤ ሐይቅና ውጫሌም ያው ናቸው። ይህን በጊዜ መያዝ ያስፈልጋል። ግሸን አምባው ላይ ግን ሆቴል የለም። ሰው የሚያድረው ባገኘው መሬት ላይ፣ ጋቢውን ጠቅልሎ፣ ከማያውቀው ሰው ጀርባ ጋር ተደጋግፎ ነው። ብርዱ ሲያይል ያኔ የማይተዋወቅ የለም።

አራተኛው ሐይቅ እስጢፋኖስ። በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አቡነ ኢየሱስ ሞዓ ያስተማሩበት፣ አቡነ ተክለ ሃይማኖት የተማሩበት ገዳም ነው፤ ሴት ግን አትገባም። ይህንን ስነግራት ትንሽ ዝም አለችና «ከሦስት ወር በፊት ብይዝስ?» አለችኝ። «አብሽሪ ልጄ» አልኳት፤ «ለ700 ዓመት ያልተከፈተው በሦስት ወር ማስጠንቀቂያ አይከፈትም።» ሐይቁን ዳር ቆማ ለማየት ግን ትኬትም ቀጠሮም አያሻትም፤ የሐይቅን ዓሣ ጥብስም እዚያው ታገኛለች፣ ቀኑ ሮብ ወይም ዓርብ ካልሆነ።

አምስተኛው ረድፍ ራሱ ግሸን ነው። ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ግማደ መስቀሉን የሚያስቀምጡበት መስቀለኛ ስፍራ ፍለጋ አገር ለአገር እንደዞሩ፣ በመጨረሻም ይህን የመስቀል ቅርጽ ያለው አምባ እንዳገኙ በትውፊት ይነገራል። ዙሪያው ገደል፣ መውጫው ጠባብ ነው። በበዓሉ ዋዜማ እዚያ በር ላይ ሰው ደረት ለጀርባ ተጣብቆ፣ የፊተኛውን ነጠላ ጫፍ ይዞ ይወጣል። ግራና ቀኝ ጧፍ ሻጭ፣ ቆሎ ሻጭ፣ ዱላ ሻጭ ይጣራል። ከፊት «እልል!» ሲባል ከኋላ ያለው ምክንያቱን ሳያውቅ ይቀበላል። «በስንት ሰዓት ልግባ ብዬ ልያዝ?» የሚል ጥያቄ እዚህ መልስ የለውም፤ ሕዝቡ ሲገፋሽ ትገቢያለሽ።

ለነገሩ ግሸን ቦታ አስቀድሞ የሚያዝበት ዘመን ነበረው። የነገሥታቱ ልጆችና ወንድሞች ለአልጋው እንዳይሻሙ ሲባል እዚያ አምባ ላይ ሌላ አልጋ ይያዝላቸው ነበር። ማመልከቻ የለም፣ ክፍያ የለም፤ ከንጉሥ ዘር መወለድ ይበቃል። መሰረዝም፣ ቀን ማዛወርም አይቻልም። ከዚያ የሚወጣው ወይ የሞተ ወይ «ንገሥ» የተባለ ነው፤ ዘርዐ ያዕቆብ ራሳቸውም በ1434 እ.ኤ.አ. የነገሡት ከዚያው ወርደው ነው ይባላል። በ1540 እ.ኤ.አ. የግራኝ አሕመድ ጦር አምባውን እስከያዘበት ጊዜ ድረስ ቤቱ እንግዳ አላጣም። የመሳፍንቱ ነገር እንግሊዝ ድረስ ተሰምቶ ሳሙኤል ጆንሰን በ1759 እ.ኤ.አ. «ራሴላስ» የሚለውን ልብ ወለድ ጽፏል። የእሱ መስፍን አምልጦ ዓለምን ይዞራል፤ የግሸኖቹ ዕድል ግን እንደዚያ የቀለለ አልነበረም።

ሠንጠረዡን ይዤ ግራ ስጋባ ያየችኝ ጎረቤታችን እትዬ ነገሩን ጠየቀችኝ። በየዓመቱ የማትቀር ሴት ናት። አስረዳኋት። «እኔ እኮ ካምና ነው የያዝኩት» አለችኝ። አምና ልጇ ታሞባት መጋረጃ ተስላ ኖሮ፣ ልጁ ድኖ መጋረጃው ተሰፍቶ ሣጥን ውስጥ ቁጭ ብሏል። ለእህቴ ልጅ ይህን ስነግራት «የያዘችበትን ማረጋገጫ ፎቶ አንሥተህ ላክልኝ» አለች። ልጁን ከኳስ ሜዳ ጠርቼ ፎቶ አንሥቼ ላክሁላት።

እንደኔ እንደኔ፣ አጭር ጉዞ ላይ አስቀድሞ የሚያዘው ሊያልቅ የሚችለው ነገር ብቻ ነው። ሥዕሉ ፊት ያለው ቦታ ያልቃል፤ የአውቶቡስ መቀመጫም የደሴ አልጋም ያልቃሉ። ቅዳሴ አያልቅም፣ እልልታ አያልቅም፣ የአምባው መሬትም እስካሁን ለሁሉም በቅቷል። ስለዚህ ቀኑን አጣርታችሁ፣ መቀመጫና አልጋ ይዛችሁ፣ መንገዱ ሰላም መሆኑን ደውላችሁ ጠይቃችሁ፣ ወፍራም ጋቢ ደርባችሁ ኑ። ከበዓሉ በኋላ አንድ ባዶ ቀን ተዉ። የግሸንን መግቢያ አስቀድሜ ልሽጥላችሁ የሚል ሰው ከደወለላችሁ ግን ስልኩን ዝጉት፤ ለምእመን የሚሸጥ መግቢያ የለም።