አንድ ጆሮ ለመንገድ

ሐኪሙ ያለኝ አንድ ቃል ነው። “ይራመዱ።” በቀን 45 ደቂቃ፣ ፈጠን ብዬ፣ በሳምንት አምስት ቀን። ስኳሬ ጠርዝ ላይ ደርሷል፤ ቦርጬም ከእኔ ቀድሞ በር መግባት ከጀመረ ቆይቷል። ሌላ ሰው ቢሆን በማግሥቱ ጫማውን አጥልቆ ይወጣ ነበር። እኔ ግን ከክሊኒኩ በር ሳልርቅ አንድ ጥያቄ ያዘኝ፤ 45 ደቂቃ ሙሉ ምን እየሰማሁ ነው የምራመደው?

“ጫማ ገዛህ?” አለችኝ ባለቤቴ ማታ።

“መጀመሪያ ሙዚቃው ይስተካከል።”

“አንተ፣ ሐኪሙ ተራመድ ነው ጨፍር ያለህ?”

መልስ አልሰጠኋትም። ልጄ አዲስ ስትገዛ ያወረሰችኝ ስልክ አለ፤ ለጊዜው በሱ ይሁን ብዬ ኢርፎን ሰክቼ፣ ቱታዬን ለብሼ፣ ጠዋት 12 ሰዓት መስቀል አደባባይ ተገኘሁ። ስልኩ ትልቅ ነው። የቱታዬ ላስቲክ ደግሞ ከእኔ ጋር አብሮ ያረጀ ነው። በሮጥኩ ቁጥር ስልኩ ኪሴን፣ ኪሴ ሱሪዬን ይዞ ይወርዳል። ስለዚህ በአንድ እጄ ሱሪዬን ይዤ፣ በሌላው አየር እየቀዘፍኩ ደረጃውን ተያያዝኩት። ክብደት የሚመዝነው ልጅ ሚዛኑን ከፊቱ አስቀምጦ እየሳቀ አየኝ። ይሳቅ።

በሦስተኛው ቀን ማኅሙድ አህመድ ገና አፉን ሲከፍት ስልኩ ጮኸ። የእቁብ ዳኛችን ናቸው። ሰውዬው ማልደው የሚነሱ፣ ማልደውም የሚያስነሱ ናቸው።

“ሃ... ሎ... ጋሽዬ...”

“ምነው? ምን ሆነህ ነው?”

“አቃተኝ...” ማለቴ ማውራት ነው።

“ኧረ ምንድን ነው ነገሩ?”

“በኋላ... እደውላለሁ... እናቴን!”

አዲስ አበባ ያደገ ሰው “እናቴን” ሲል መማሉ እንደሆነ ሁሉም ያውቃል። ቃሉ ግን ትንፋሹ ካለቀ ሰው አፍ፣ “አቃተኝ”ን አስከትሎ ሲወጣ ሌላ ነገር ይሆናል። ቤት ስደርስ ሦስት ጎረቤቶች ጥቁር ነጠላ አጣፍተው ሳሎን ተቀምጠዋል፤ አንዷ የቡና ፔርሙዝ ይዛ መጥታለች። ባለቤቴ በአንድ እጇ ራሷን፣ በሌላው ስልኩን ይዛለች። በስልኩ ውስጥ እናቴ ከደብረ ብርሃን “ማን ሞቶ ነው?” እያለች ትጠይቃለች። “አንቺ ነሽ እማዬ” የሚል ጠፋ።

የዚያን ዕለት ወሰንኩ። የማይደወልበት፣ ሙዚቃ ብቻ የሚያጫውት ነገር መግዛት አለብኝ።

ለነገሩ እንግዳ አይደለሁም፤ ዕድሜዬ ለዎክማን ይደርሳል። የአክስቴ ልጅ ከጅዳ ያመጣችልኝ ነበረች፤ ሁለት ትንንሽ ድንጋይ ትበላለች። ድንጋዩ ሲደክም ቆርቆሮው ላይ ፀሐይ ይሞቃል፣ ካልሆነም በጥርስ ይነከሳል። የመጨረሻዋን ጉልበት ለመቆጠብ ካሴቱን የምናጠነጥነው በቢክ እስክርቢቶ ነበር። ያም ሆኖ ዘፈኑ መሀል ላይ ድንጋዩ ይሞታል፤ የአስቴር አወቀ ድምፅ ቀስ በቀስ እየወፈረ ሄዶ የጥላሁን ገሠሠ ታላቅ ወንድም ድምፅ ይሆናል።

ስለዎክማን ካወቅኳቸው ነገሮች ሁሉ የምወደው አንዱን ነው። ሶኒ የመጀመሪያውን፣ ቲፒኤስ-ኤል2 የተባለውን፣ ጃፓን ውስጥ ለገበያ ያወጣው እ.ኤ.አ. በሐምሌ 1979 ነው። ያ ዕቃ የጆሮ ማዳመጫ መሰኪያው ሁለት ነበር። ከድርጅቱ መሥራቾች አንዱ የነበሩት አኪዮ ሞሪታ ናሙናውን ቤታቸው ወስደው ሲሞክሩ ባለቤታቸው “እኔንስ?” የሚል ፊት አሳዩአቸው፤ ብቻ መስማት ነውር መሰለና ሁለተኛው መሰኪያ ተጨመረ። ብርቱካናማ ቁልፍም ነበረው፤ ሲጫኑት ሙዚቃው ዝቅ ይልና ሁለቱ ሰዎች በማይክራፎን ይነጋገራሉ። በኋላ ሕዝቡ ብቻውን መስማት እንደሚመርጥ ሲታይ ሁለቱም ነገር ቀረ። ይህን ለባለቤቴ ስነግራት “ሴትዮዋ ልክ ናት” ብላ ወደ ጓዳ ገባች። ያኔ ነገሩን አልጠረጠርኩም።

መርካቶ ወረድኩ።

“ምን ልስጥዎት ፋዘር?”

“ሙዚቃ ብቻ የሚያጫውት ነገር።”

ልጁ ኩራዝ የጠየቅኩት ይመስል አየኝ። “ስልክ የለዎትም?”

“አለኝ። ችግሩ እሱ ነው።”

አይፖድ ጠየቅኩ። “ነፍስ ይማር” አለኝ። እውነቱን ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2001 ሺህ ዘፈን ኪስ ውስጥ ይገባል ተብሎ የወጣው ዕቃ፣ እ.ኤ.አ. በግንቦት 2022 አፕል ማምረት ማቆሙን አስታውቆ ታሪክ ሆኗል። አቧራ የጠጣ የሲዲ ማጫወቻ ከመደርደሪያ አወረደልኝ፤ እሱን ይዞ የሮጠ ያውቀዋል፣ በእያንዳንዱ እርምጃ ዘፋኙ መንተባተብ ይይዘዋል። አሜሪካ ያለው የእህቴ ልጅ ደግሞ በድምፅ መልእክት፣ ሶኒ ሙሉ ማጫወቻውን በማጅራት ዙሪያ የሚታሠር ኢርፎን ውስጥ የከተተበት ሞዴል አለ፣ ባሕር ውስጥም ይዋኙበታል፣ ልላክልህ አለኝ። እኔ የምዋኘው በላቤ ነው። ዕቃው ጥሩ ነው፤ 12 ሰዓት ይጫወታል። ሁለቱንም ጆሮ መድፈኑን ግን አልወደድኩለትም፤ ወደዚያ እመጣለሁ።

የሥራ ባልደረባዬ ከዚህ ሁሉ የጠራ ድምፅ ያለው ማጫወቻ ልግዛልህ ብሎ ነበር። ቂርቆስ ውስጥ፣ ሚኒባስ ጥሩምባ እየነፋ፣ ረዳቱ ጣራ እየደበደበ፣ የድምፅ ጥራት ማለት ምን ማለት እንደሆነ ያስረዳኝና እገዛለሁ አልኩት።

እንዲህ እያልኩ ሦስት ወር አለፈ። አልተራመድኩም፤ ሙዚቃው አልተስተካከለማ።

በመጨረሻ የገዛኋት የክብሪት ቀፎ የምታህል፣ በጀርባዋ መቆንጠጫ ያላት፣ ስም የለሽ የቻይና ኤምፒ ስሪ ናት። ስክሪን የላትም። ሚሞሪ መክተቻ፣ የኢርፎን ቀዳዳ፣ አምስት ቁልፍ፣ አለቀ። ዋጋዋ ከግማሽ ኪሎ ሥጋ ያነሰ ነው። የመረጥኳት ዓይኔን ጨፍኜ ነው፤ ዘይቤ መስሎ እንዳይሰማችሁ፣ በእርግጥ ጨፍኜ ነው። እየሮጠ ያለ ሰው አጎንብሶ ስክሪን አያይም፤ ቁልፉ በአውራ ጣት፣ በቱታ ላይ ሆኖ መለየት አለበት። ስለዚህ የቀረበልኝን ሁሉ ኪሴ እየከተትኩ፣ ዓይኔን ጨፍኜ “ቀጣይ”ን፣ “አቁም”ን፣ “ቀንስ”ን በጣቴ ፈለግኩ። ቁልፋቸው ከገላቸው ጋር እኩል የሆኑት ሁሉ ወደቁ። የቆሙት ሁለት ብቻ ነበሩ። ልጁ መሀል ላይ “ፋዘር፣ እየጸለዩ ነው?” ብሎኛል።

ሚሞሪው ላይ ግን ተሸወድኩ። 64 ጊጋ ተብሎ የተጻፈበትን ገዛሁ። ዘፈን አስጫንኩ፣ ተሞላ፣ ደስ አለኝ። ሳምንት ሳይቆይ የግማሾቹ ዘፈኖች ድምፅ ጠፋ። ለካ ፎርጅድ ሚሞሪ እንዲህ ነው፤ ውስጡ ያለው ቺፕ “64 ነኝ” ብሎ ይምላል፣ እውነተኛ ቦታው ሲያልቅ ግን አዲሱን በአሮጌው ላይ ይጽፈዋል። ሱቁ ስመለስ ልጁ አላፈረም። “ለምን ይሞሉታል? እርስዎን 8 ይበቃዎታል።” ተናድጄ ቤቴ ገብቼ አሰላሁት። በተለመደው 128 ኪሎቢት የተጨመቀ ዘፈን ለአንድ ደቂቃ አንድ ሜጋ ገደማ ይወስዳል። አምስት ደቂቃ የሚሄድ ዘፈን አምስት ሜጋ ነው፤ 8 ጊጋ 1,500 ያህሉን ይይዛል። በሐኪሙ ትእዛዝ መሠረት በሳምንት አምስት ቀን፣ በቀን 45 ደቂቃ ብሰማ ጨርሼ የምመለሰው ከሰባት ወር በኋላ ነው። አጭበርባሪ እውነት ሲናገር እንዴት ያናድዳል!

ከዚያ የዘፈን ምርጫ መጣ። መሣሪያ መምረጥ ቀላል ነበር።

የመጀመሪያው ቀን ትዝታ ከፈትኩ። አራት ደረጃ ወጥቼ አምስተኛው ላይ ተቀመጥኩ። ትዝታ እየሰሙ ቦርጭ ማጥፋት አይቻልም፤ ትዝታ የሚያስቀምጥ፣ የሚያስተክዝ፣ አገጭ በእጅ የሚያስደግፍ ነገር ነው። በማግሥቱ ወደ ሌላኛው ጫፍ ሄድኩ፤ ጉራጊኛ። ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ፣ በሃምሳ ዓመቴ፣ ከጉራጊኛ ጋር እኩል ለመርገጥ ሞከርኩ። ሁለተኛው ዘፈን ላይ ክብደት የሚመዝነው ልጅ ውኃ አቀበለኝ።

የሚስማማኝን ያገኘሁት ችክችካ ውስጥ ነው። ችክችካ ስድስት በስምንት ነው ይላሉ ሙዚቀኞች፤ ሁለት ትልልቅ ምት፣ በእያንዳንዱ ውስጥ ሦስት ትንንሽ። እግር ሁለቱን ይይዛል፣ ትከሻ ሦስቱን። ቀኝ፣ ግራ፣ ቀኝ፣ ግራ እያልኩ ስሄድ ትከሻዬ ሳላዘው የራሱን ሥራ ይሠራል። ከኋላዬ የሚመጣው ሰው ስፖርተኛ ልሁን ሠርገኛ ልሁን ሳይለየኝ ያልፋል። ግድ የለኝም። ኃይሌ ገብረሥላሴም እ.ኤ.አ. በየካቲት 1998 በርሚንግሃም ውስጥ የ2,000 ሜትር የቤት ውስጥ የዓለም ክብረ ወሰን ሲሰብር፣ “ስካትማን” የተባለውን ዘፈን በአዳራሹ ድምፅ ማጉያ አስከፍቶ፣ እርምጃውን በሱ ምት ለክቶ ነው። 4 ደቂቃ ከ52 ሰከንድ ከ86 መቶኛ ነበር ሰዓቱ። እኔ በዚያ ሰዓት ውስጥ የጫማዬን ክር አስሬ እጨርሳለሁ።

አሁን ወደ ጆሮው ልመለስ። የመጀመሪያ ሰሞን ሁለቱንም ጆሮዬን ደፍኜ፣ ድምፁን እስከ ጥግ ከፍቼ ነበር የምሄደው። የዓለም ጤና ድርጅት በ80 ዴሲቤል በሳምንት ከ40 ሰዓት በላይ አትስሙ ይላል፤ ድምፁ ሲጨምር ሰዓቱ በፍጥነት እያነሰ ይሄዳል። ያስተማረኝ ግን ድርጅቱ አይደለም። አንድ ጠዋት መንገድ ስሻገር ሚኒባስ አጠገቤ ፍሬን ይዞ ቆመ፤ ረዳቱ በመስኮት ወጥቶ አፉን ይከፍታል ይዘጋል። ምን እንዳለኝ አልሰማሁም፤ ከአፉ አከፋፈት ግን በእናቴ በኩል እንደነበር ገምቻለሁ። ምስኪኗ እናቴ በዚህ ስፖርት ምክንያት ያልደረሰባት የለም። ከዚያ ወዲህ አንዱን ማዳመጫ ደረቴ ላይ አንጠልጥዬ፣ አንድ ጆሮዬን ለመንገድ ትቼ መሄድ ጀመርኩ።

ሥራ ፈት ሆኖ የተንጠለጠለውን ማዳመጫ ባለቤቴ አየችው።

“ይሄኛው የማን ነው?”

“የማንም አይደለም።”

“እንግዲያው የኔ ነው” አለች፤ ነጠላዋን አስቀምጣ ስኒከሯን አጠለቀች። የአኪዮ ሞሪታ ባለቤት ትዝ አለችኝ።

ሽቦ አልባ ብገዛ ኖሮ ይህ ሁሉ ላይመጣ ይችል ነበር። የእኛ ግን ሽቦው አንድ ሜትር ከምናምን ነው፤ እሷ ስትፈጥን እፈጥናለሁ፣ እኔ ስደክም ጆሮዋ ይጎተታል። ወሬ ማቆም አይቻልም፣ መቅረትም አይቻልም። ባለፈው ወር ሐኪሙ ጋ ስሄድ ስኳሬ ወርዶ አገኘው። ምን እንዳደረግኩ ጠየቀኝ፤ ስለ ማጫወቻዋ ልነግረው ስጀምር “ጥሩ፣ ይቀጥሉ” ብሎ ቀጣዩን በሽተኛ ጠራ።

አንድ ነገር ልንገራችሁ። መቆንጠጫዋ ያለው አሁን በእሷ ልብስ ላይ ነው። ሦስት ወር ሙሉ፣ ዓይኔን ጨፍኜ፣ በጣቴ ዳስሼ የመረጥኳቸውን ቁልፎች የምትጫናቸው እሷ ናት፤ ትዝታ ሲመጣ ታሳልፈዋለች። ጠዋት መስቀል አደባባይ ካገኛችሁን እኔን በግራ፣ እሷን በቀኝ በኩል ጥሩን። መሀል ያሉት ጆሮዎች ተይዘዋል።