ተረከዜና ሃይላንዷ

ከአልጋ መውረድ ሙያ መሆኑን አላውቅም ነበር። 47 ዓመት ሙሉ ዝም ብዬ ነው የወረድኩት። በክረምቱ መውጫ ግን አንድ ማለዳ ቀኝ እግሬን መሬት ሳስነካ ሚስማር የረገጥኩ መሰለኝ። ጎንበስ ብዬ ፈለግኩ፤ ሴራሚኩ ንጹሕ ነው። ግድግዳ ተደግፌ መታጠቢያ ቤት እስክደርስ ሕመሙ ላላ አለ፤ ከቁርስ በኋላ ደህና ሰው ሆንኩ። «ታዲያ የታለ ሕመሙ?» አለች ባለቤቴ። ተረከዜ ምስክር ፊት አይናገርም።

የኮንዶሚንየማችን ደረጃ ግን ሐኪም ሞልቶታል። የምድር ቤቷ እማማ «ብርድ ነው ልጄ፣ ፌጦ እሰርበት» አሉኝ። ጥበቃው «ሪህ ነው ጋሼ፣ ሥጋ ይተዉ» አለኝ፤ በዚህ ኑሮ ሥጋው ቀድሞ ትቶኛል።

ራጅ ተነሣሁ። ከተረከዜ ሥር እንደ ዶሮ ጥፍር የሾለች አጥንት ታየች። ሌባ እንደያዘ ሰው «እቺው ናት!» አልኩ። ፊዚዮቴራፒስቷ ግን አልተገረመችም፤ እንዲህ ያለችው አጥንት ምንም የማያማቸው ሰዎች ላይም ትገኛለች። ጥፋቱ ከተረከዝ እስከ ጣቶች ሥር የተዘረጋው ወፍራም የውስጥ እግር ጅማት ነው አለችኝ። ሌሊት ተኮማትሮ ያድርና ጠዋት ድንገት ሲቆሙበት ይቆጣል። ረጅም ሰዓት መቆም፣ የደረቀ ባት፣ ስስ ነጠላ ጫማ፣ ውፍረት ያብሱታል። አንዱም አልጎደለኝም።

«መርፌስ?» አልኳት በተስፋ። ለጊዜው ቢያስታግስም አልፎ አልፎ ጅማቱን ሊበጥሰው ይችላል አለች። ሐበሻ ሳይወጋ ከወጣ የታከመ አይመስለውም፤ እኔም ከፋኝ። ያዘዘችልኝ ይኸው ነው፦ ከአልጋ ሳልወርድ እግሬን ጉልበቴ ላይ ሰቅዬ ጣቶቼን ወደ ራሴ መሳብ፣ 10 ሰከንድ፣ 10 ጊዜ። ግድግዳ ገፍቶ ባትን ማፍታታት። ቤት ውስጥም በባዶ እግር አለመሄድ። ማታ ማታ ካልሲ አድርጎ፣ ፍሪዘር ውስጥ የረጋ ሃይላንድ በውስጥ እግር ማንከባለል።

«ስንት ቀን?»

«ወራት። አብዛኛው ሰው ግን በዓመት ውስጥ ይድናል።»

አራተኛ ወሬን ይዣለሁ። ሚስማሩ ወደ ጠጠር ወርዷል። ባለፈው እሑድ ግን አጎቴ ፀሐይ መትቷቸው ገቡና ውሃ ጠየቁ። ልጄ ከእግሬ ሥር ቀልጣ ፍሪጅ የተመለሰችውን ሃይላንድ ፈጥና አቀረበችላቸው። ግጥም አድርገው ጠጥተው፣ «እንዲህ ያለ ውሃ አይጥፋባችሁ» ብለው መረቁን።

አሁን ባለቤቴ ሃይላንዷ ላይ በማርከር «የእግር» ብላ ጽፋባታለች።