የደብሩን ሙግት ለማስቀጠል የወጣ አዋጅ ቁጥር 1

ስማ ስማ! ያልሰማህ ስማ፣ የሰማህ አሰማ! የደብራችንን ጠላት መስሚያ ይንሳው! (ጠላቱ ማን እንደሆነ በፍርድ ቤት ገና እየተጣራ ነው።)

እኛ በዋሽንግተን አካባቢ የምንገኝ የአንዲት ደብር ሁለት ቦርዶች፣ እያንዳንዳችን ብቸኛው ሕጋዊ ቦርድ መሆናችንን በመሐላ ካረጋገጥን በኋላ፣ ከተጣላን ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ በአንድ ድምፅ ይህን አውጀናል።

አንቀጽ 1፤ ትርጓሜ። «ምእመን» ማለት የሁለቱንም ወገን ጠበቃ የሚከፍል ሰው ነው። ነባሩ ቦርድ የሚከፍለው ከደብሩ ሒሳብ ነው፤ ማለትም ከአሥራታችሁና ከስእለታችሁ። ከሳሹ ቦርድ የሚከፍለው በዜል (በስልክ ገንዘብ መላኪያ) ከለመነው ነው፤ ማለትም ከእናንተው። በአሜሪካ ልማድ ደግሞ የረታም የተረታም በአብዛኛው የየራሱን ጠበቃ ወጪ ይችላል። እንግዲህ ማንም ቢረታ ከፋዩ አይቀየርም። በሁለታችን መካከል የቀረው አንድነት ይኸው ነው።

አንቀጽ 2፤ መለኪያ። ጠበቃ ጊዜውን የሚቆጥረው በስድስት በስድስት ደቂቃ ነው። ሰዓቱ 400 ዶላር ከሆነ ስድስቱ ደቂቃ 40 ዶላር መጣ። እናቶቻችን ከቅዳሴ በኋላ ምድር ቤት የሚሸጡት የጾም በያይነቱ ሳህኑ 10 ዶላር ነው። ስለዚህ ከዛሬ ጀምሮ የደብሩ ሒሳብ የሚያዘው በዶላር ሳይሆን በሳህን ይሆናል። የአንዳችን ጠበቃ «ኢሜይልዎ ደርሶኛል» ሲል አራት ሳህን፤ የሌላችን «ስላሳወቁኝ አመሰግናለሁ» ሲል ሌላ አራት። ሌሊቱን ምጣድ ላይ ያደሩ እናት «ልጄ፣ የኔ እንጀራ ለምን ዋለ?» ብለው ቢጠይቁ «ለሁለት ሰላምታ» ተብሎ ይነገራቸው።

አንቀጽ 3፤ ስለ ምስክርነት። አስተዳዳሪያችን በመሐላ ቃላቸውን ሲሰጡ ሙሉ ቀን ፈጅቷል። ጠበቃው የቤተ ክርስቲያኒቱ ቀኖና ምን እንደሚል ጠየቃቸው። አባታችን ንስሐ የገባ ሰው የሚሰጠውን ቀኖና መስሏቸው «እንደ ኀጢአቱ ነው፤ ጾምም ስግደትም ይሆናል» ብለው መለሱ። ጠበቃውም የኀጢአቱ ዝርዝር በሰነድ ይቅረብልኝ አለ። አስተርጓሚው በሰዓት፣ ጸሐፊዋ በገጽ ስለሚከፈላቸው ማንም ሊያርም አልቸኮለም።

አንቀጽ 4፤ ስለ መተዳደሪያ ደንብ። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1976 እ.ኤ.አ. በሰርቢያ ኦርቶዶክስ ሀገረ ስብከት ጉዳይ ዓለማዊ ዳኛ በቤተ ክርስቲያን የውስጥ ሥርዓት እንዳይገባ ከልክሏል። በ1979 ግን ከጆርጂያ በመጣ ጉዳይ፣ የሕንፃ ክርክር ሲሆን ዳኛ የይዞታ ሰነዱንና ደንቡን አይቶ እንደ ማንኛውም ንብረት ሊፈርድ እንደሚችል ፈቀደ። እንግዲህ ማኅሌቱና ሰዓታቱ ወደ ጎን ሆኖ፣ እጣችን የተንጠለጠለው ድሮ ደንቡን በጻፈልን ልጅ ላይ ነው። ልጁ በነጻ ነበር የሠራው፤ እግዜር ይስጠው። ከሌላ ደብር ገልብጦ ስሙን ብቻ ቀየረ፤ ገጽ 4 ላይ ግን ረሳው። በገጽ 4 መሠረት ሁለታችንም የምንከራከርበት ሕንፃ የጎረቤት ደብር ነው። ጎረቤቶቻችን ይህን እንዳይሰሙ አደራ።

አንቀጽ 5 በፍርድ ቤት እግድ ምክንያት አይነበብም።

አንቀጽ 6፤ ስለ ለቅሶ። ማንኛውም ምእመን ከመሞቱ በፊት የየትኛው ወገን እንደሆነ በጽሑፍ ያሳውቅ። ሳያሳውቁ ያረፉ አንዲት እናታችን በተቀበሩ ዕለት ሁለቱ ወገኖች ከፓርኪንጉ ግራና ቀኝ ቆመው ለየብቻ አልቅሰዋል። ልጃቸው የማንን ንፍሮ እንደሚቀበል ግራ ገብቶት የማንንም ሳይቀምስ ወደ ቤቱ ሄደ። እኒያ ሴትዮ ሕንፃው ሲገዛ የአንገት ሀብላቸውን ለጨረታ የሰጡ ነበሩ።

በሌላ በኩል የሰንበት ትምህርት ቤት ልጆቻችን አማርኛ እጅግ ተሻሽሏል። መጥሪያውን ለወላጆቻቸው የሚተረጉሙት እነሱ ስለሆኑ፣ አቡነ ዘበሰማያትን ያልጨረሰው ሁሉ «ከሳሽ»፣ «ተከሳሽ» እና «ይግባኝ»ን አጥርቶ ይላል።

አንቀጽ 7፤ ስለ ተሻሩ ሕጎች። ቅዱስ ጳውሎስ ለቆሮንቶስ ሰዎች የጻፈው የመጀመሪያው መልእክት ምዕራፍ 6፣ ወንድም ወንድሙን መክሰሱን ስለሚነቅፍ ተሽሯል፤ ሐዋርያው ይህን የጻፈው ጠበቃ ሳያማክር ነው። የአገር ቤቱና የስደቱ ሲኖዶሶች ከሩብ ምዕተ ዓመት በላይ ተለያይተው ኖረው በሐምሌ 2010 ዓ.ም. እዚሁ ዋሽንግተን መታረቃቸውም በእኛ ላይ እንደ ማስረጃ አይቀርብም። እነሱ የተለያዩት በፓትርያርክ ጉዳይ ነበር። የእኛ ጠብ ከበድ ይላል፤ የኩሽናው ቁልፍ ነው።

አንቀጽ 8፤ አዋጁ የሚጸናበት ጊዜ። ይህ አዋጅ ከመጪው እሑድ ጀምሮ የጸና ይሆናል። ከቅዳሴ በኋላ እንደተለመደው ዣንጥላ ይዘረጋል። ቼክ የምትጽፉ ምእመናን በደብሩ ስም እየጻፋችሁ ሒሳብ ሹሙን አታድክሙ፤ በቀጥታ በጠበቆቹ ስም ጻፉት። የስማቸው አጻጻፍ ከበሩ ላይ፣ ከጾሙ ካላንደር ጎን ተለጥፏል።