ጃኬት ለብሶ ድሬ

ሐምሌ በገባ በመጀመሪያው ዓርብ፣ ከሌሊቱ 11 ሰዓት፣ አዲስ አበባ ዝናቡን ታወርዳለች። ሰውየው ውስጡ ሱፍ የሆነ ወፍራም ጃኬት ለብሶ የድሬዳዋ አውቶቡስ ላይ ተሳፈረ። ድሬ 11 ዓመት የኖረ ሰው ነው። አዲስ አበባ ከተዛወረ ግን ስምንት ዓመት ሆኖታል፤ ስምንት ዓመት ደግሞ ሰውን ለድሬዳዋ ጃኬት እስከ መልበስ ያደርሰዋል።

የሚሄደው የድሮ ጓደኞቹን ጠይቆ እሑድ ሊመለስ ነው። የመሥሪያ ቤት ባልደረቦቹ ግን ይህን አላመኑም። አዲስ አበቤ "ድሬ ደርሼ ልምጣ" ሲባል የሚታየው ጓደኛ ሳይሆን ታይዋን ገበያ ነውና፣ የትእዛዝ ዝርዝር ጽፈው ኪሱ ከተውለታል፦ ብርድ ልብስ፣ የዱቄት ወተት፣ ሽቶ፣ ቴምር፣ "ቀለሙ እንደ ምርጫህ" የተባለለት አንድ ድሪያ።

መንገዱ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። አሰበ ተፈሪንና ሂርናን አልፈው ቁልቢ ሲደርሱ ጉም ወርዶ ስለነበር ሰውየው ጃኬቱን እስከ አገጩ ዘግቶ ኮራ። ኩራቱ ደንገጎ ድረስ ነው የቆየው። ደንገጎን ቁልቁል የያዘ አውቶቡስ ውስጥ ሙቀት መለኪያ አያስፈልግም፤ የተሳፋሪውን ልብስ ማየት ይበቃል። በመጀመሪያው ጠመዝማዛ ጋቢ ይወርዳል፣ ቀጥሎ ኮት ይወልቃል፣ ከዚያ ሹራብ፣ ታች ሲደረስ ሕፃናቱ በካናቴራ ቀርተዋል። 1,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለችው ከተማ እንግዳዋን የምትቀበለው አስወልቃ ነው።

እሱ ግን ማውለቅ አልቻለም። ሌሊት ቤቱ መብራት ጠፍቶ ስለነበር በዳበሳ ሸሚዝ ብሎ የለበሰው ባለ መስመር ፒጃማውን ነበር። ይህን ያወቀው ሂርና ላይ ዚፑን ዝቅ ሲያደርግ ነው።

መናኸሪያው በር ላይ ወደ አንድ ሃያ ዓመት እንኳ የማይሞላው ባለ ባጃጅ ጠጋ ብሎ፣ በአዲስ አበባ ጨዋነት፣ "ጌታዬ፣ ከዚራ ስንት ያደርሱኛል?" አለው።

ልጁ ወደ ኋላው ዞሮ አየ። ማንም የለም።

"እኔና ማን?" አለ።

ነገሩ ለማያውቅ ሰው ይብራራ። ድሬዳዋ አንቱታ የለም ማለት ይቻላል። ሕፃኑ አያቱን አንተ ይላል፣ ተማሪው መምህሩን አንተ ይላል፣ ማንም አይቀየምም። ምክንያቱን የሚጠይቁ ሰዎች አማርኛው ከኦሮምኛ፣ ከሶማሊኛና ከሐረሪ ጋር አብሮ ማደጉን ያነሣሉ። ሌሎች ደግሞ በዚያ ሙቀት ለአንድ ሰው የብዙ ሰው ግስ ማውጣት ላብ ነው ይላሉ። ይኸው ባለ ባጃጅ ከዚራ እስኪደርስ በስልክ በሶማሊኛ ተጫወተ፣ መንገድ ዳር ካለች ነጋዴ ጋር በኦሮምኛ ተቃለደ፣ የዘጋበትን ሌላ ባጃጅ ደግሞ በአማርኛ ሰደበ። መሀል ላይ እየዞረ፣ "አቦ ጃኬቷን አውልቃት፣ ታመሃል እንዴ?" ይላል።

ከዚራ የባቡር ልጅ ናት። ሐዲዱ ከጅቡቲ ተነሥቶ በ1895 ዓ.ም. እዚህ ደረሰ። በመጀመሪያው ሐሳብ ወደ ሐረር መግባት ነበረበት፤ ተራራውን መውጣት ለገንዘቡም ለሞተሩም ስለከበደ ከግርጌው ቀረ። አዲሲቱ ከተማ "አዲስ ሐረር" ብትባልም ስሙ አልበረከተላትም። የባቡር ኩባንያው ቀጥ ያሉ ጎዳናዎች ቀየሰ፣ ጥላ የሚሆኑ ዛፎች ቆሙ፤ ከደቻቱ ወንዝ ማዶ ያለችው መጋላ ግን እንደፈለገች ተጠማዝዛ አደገች። ሐዲዱ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ሲሆን፣ ያኔ ባቡሩ ሌሊት ስለማይጓዝ መንገዱ ሦስት ቀን ይፈጅ ነበር። መንገደኛው አንዱን ሌሊት ድሬ፣ አንዱን አዋሽ ያድራል። የእንግዳ አቀባበሏን ነገር ከዚያ ጀምራ ሳትለማመደው አልቀረችም።

የመጀመሪያው ጓደኛ የምድር ባቡር ጡረተኛ ነው፤ ዕድሜው ከሰባ አልፏል። እንግዳው በር ላይ ጎንበስ ብሎ፣ "ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ?" አለ። ሽማግሌው ትንሽ ካየው በኋላ ወደ ውስጥ ተጣራ፦ "ነይ እስኪ! የቤት ግብር ሊጠይቁ መጡ መሰለኝ!"

ሚስቱ ወጥታ ለየችው። እልልታው ጎረቤት ሰበሰበ። ጎረቤቱ ሁሉ እንግዳውን ሳይሆን ጃኬቱን ሰላም አለ፤ ልጆች እጅጌውን እየጨበጡ ሱፉን ነካኩት። በመጨረሻ ዚፑ ተከፈተና ፒጃማው ታየ። ሽማግሌው አልሳቀም፤ "ለመተኛት ለብሰህ መምጣትህ ጥሩ ነው" ብሎ ብቻ ሽርጥ ወረወረለት።

ቅዳሜ ጠዋት ፈጢራና ፉል ተበላ። ከምሳ በኋላ ከተማዋ በሯን ዘግታ ስትጋደም፣ መጋላ ሱቅ ያለው ጓደኛና "ኮተኒ" ብለው የሚጠሩት የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የቀድሞ ሠራተኛ መጡ። ፍራሽ ተነጠፈ፣ ትራስ ተደረደረ፣ የአወዳይ ጫት ተፈታ። በርጫ የራሱ ሰዓት አለው። እስከ 9 ሰዓት የሚወራው ስለ ዋጋ መናር ነው። 9 ተኩል ላይ ጡረተኛው ስለ አዲሱ ባቡር አነሣ። በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው፣ በኤሌክትሪክ የሚሄደው ማለት ነው፤ ጣቢያው ከከተማው ወጣ ብሎ ነው የተሠራው። "ድሮ ባቡር ወደኛ ይመጣ ነበር፤ አሁን እኛ በባጃጅ ወደ ባቡር እንሄዳለን" አለ። 10 ሰዓት ሲሆን አራቱ ተስማምተው ባለ አንድ ሜትር ስፋቱን አሮጌ ሐዲድ ከድሬ እስከ አዲስ አበባ ጠገኑት። 11 ሰዓት ላይ አክሲዮን ተሸጠ፣ እንግዳው በሙሉ ድምፅ የሒሳብ ሹም ሆኖ ተመረጠ፤ ሽርጥ ለብሶ የተሾመ የመጀመሪያው ሹም ሳይሆን አይቀርም። ማታ 1 ሰዓት ላይ ምርቃናው ሲረግብ ግን፣ ለትኩስ ባጊያና ለሻይ ማን ይክፈል የሚለው ጥያቄ የኩባንያውን ቦርድ ለሁለት ከፈለው።

ባጊያቸውን በልተው ወደ ደቻቱ ድልድይ ወረዱ። ወንዝ ይባላል እንጂ ብዙውን ጊዜ አሸዋ ነው፤ ሰውም ፍየልም ያቋርጠዋል። ባለሱቁ ወደ ደንገጎ በኩል ሰማዩን አየ፤ ሌሎቹም ተከትለው አዩ። በ1998 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻ ከደጋው የወረደ ጎርፍ የተኛውን ሰው በሌሊት ደርሶበት ከ200 በላይ ሕይወት ወስዷል። ጎርፉ የሚመጣው ተራራው ላይ ሲዘንብ ስለሆነ የድሬ ሰው በክረምት ዝናብን የሚጠብቀው አሻቅቦ እያየ ነው። በዚያች ሰዓት የቀለደ የለም። ደመናው ስስ መሆኑን አይተው ተመለሱ።

አልጋ የወጣው ግቢ ነበር። ጃኬቱ ትራስ ሆነ፤ ከአዲስ አበባ ከተነሣ ያኔ ገና አንድ ቁም ነገር ሠራ። ሌሊት የመስጊዱ አዛን ቀሰቀሰው፣ ቀጥሎ የቤተ ክርስቲያኑ ድምፅ ማጉያ ዳግም እንዳይተኛ አደረገው። ሽማግሌው ከጎኑ አልጋ ላይ፣ "ተኛ አቦ፣ ላንተ አይደለም የሚጣሩት" አለው።

እሑድ በማለዳ ባለሱቁ ገበያውን ራሱ ጨርሶ መጣ። ብርድ ልብሱ በማዳበሪያ ታስሯል። ሽቶው ግን "ይሰበራል" ተብሎ ጃኬቱ ኪስ ገባ፤ የጡረተኛው ሚስት በሌላኛው ኪስ ቴምር ሞላች፣ የኮተኒው ጓደኛ ለልጆቹ ከረሜላ ጨመረ፤ ድሪያው ተጠቅልሎ በውስጥ ኪስ አለፈ። ጃኬቱ ለብቻው መቆም እስኪችል ወፈረ። ሸሚዝ ልግዛ ቢል ማንም አልሰማውም፤ አውቶቡሱ ሊነሣ ነው። እንደመጣው በፒጃማ ላይ ለብሶት ተሳፈረ።

ከሰዓታት በኋላ አንድ ኬላ ላይ አውቶቡሱ ቆመ። ፈታሹ ወጣት ነው፤ ጨዋ ነው። ወንበር ለወንበር እያየ መጣና ሰውየው አጠገብ ሲደርስ ቆመ። በዚያ ወበቅ ተሳፋሪው ሁሉ በካናቴራ ነው፤ ይህ ሰው ብቻ ጃኬቱን እስከ አገጩ ዘግቶ ያልበዋል፣ ሲተነፍስም ይንኳኳል።

"ጋሼ፣ እርስዎ እስኪ አንዴ ይውረዱ" አለ ፈታሹ፣ በትሕትና።

ሰውየው ወደ ኋላው ዞሮ አየ።

"እኔና ማን?" አለ።