አሳቢዋ መኪና

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ወደ አምቦ የሚወጣ የዶልፊን ሹፌር ያለጠባቂ ነድቶ አያውቅም። ባለንብረቱ ቤቱ ቁጭ ብሎ ስልክ ይመታል፦ አዲስ ዓለምን አለፈ? ጊንጪ ላይ ለስንት ሰዓት ቆመ? ስንት ትርፍ ጫነ? መላሹ ብዙውን ጊዜ ተራ አስከባሪ ነው። አሠራሩ ግን ጉድለት ነበረበት፤ ተራ አስከባሪ ያንቀላፋል፣ ይዋሻል፣ ሲብስም ከሹፌሩ ጋር ይወዳጃል።

ለመኪና አምራቾች ምስጋና ይግባና ይህ ችግር ተቃሏል። የአሜሪካ ፌዴራል የንግድ ኮሚሽን ባቀረበው ክስ እንደተጻፈው፣ ጄኔራል ሞተርስ የደንበኞቹ መኪና ያለችበትን ቦታ አንዳንዴ በየሦስት ሰከንዱ ይመዘግብ ነበር። በሦስት ሰከንድ የጊንጪ ባጃጅ ጥሩምባውን እንኳ ነፍቶ አይጨርስም። የአገልግሎቱ ስም «ስማርት ድራይቨር» ነው፤ ዓላማውም፣ እንደ ኩባንያው አባባል፣ ሹፌሩ የራሱን አነዳድ እንዲያሻሽል መርዳት ነበር።

እርዳታው በዚህ ቢቆም መልካም ነበር። መረጃው ሌክሲስኔክሲስና ቬሪስክ ለተባሉ ድርጅቶች፣ ከእነርሱም ለኢንሹራንስ ኩባንያዎች ደረሰ። ኒው ዮርክ ታይምስ በመጋቢት 2016 እንደዘገበው፣ ሲያትል አካባቢ የሚኖር አንድ የቼቭሮሌት ቦልት ነጂ የኢንሹራንስ ክፍያው በ21 በመቶ ሲሰቀል ምክንያቱን ፈልጎ ፋይሉን ከሌክሲስኔክሲስ አስመጣ። 258 ገጽ ሆኖ መጣ። ከ130 ገጽ የሚበልጠው እሱና ባለቤቱ በስድስት ወር ያደረጉትን 640 ጉዞ ይዘረዝራል፦ ስንት ሰዓት ተነሡ፣ ስንት ሰዓት ደረሱ፣ ምን ያህል ርቀት ነዱ፣ የት ላይ እንኳ ባይባል ስንቴ ድንገተኛ ፍሬን ያዙ። የሄዱበት ቦታ ከዝርዝሩ ቀርቷል። ጨዋነት ይሏል ይህ ነው።

ድንገተኛ ፍሬን በዚህ ሒሳብ ጥፋት ነው። ደንቡ ወደ ምዕራብ ሸዋ ይምጣና ይታይ፦ በገበያ ቀን ከኦሎንኮሚ እስከ ጊንጪ በሬና አህያ በተራ አስፋልቱን ሲያቋርጡ፣ ፍሬን የያዘው «አደገኛ ነጂ» ተብሎ ሊመዘገብ ይችላል፤ በሬውን ገጭቶ ያለፈው ግን ቢያንስ በፍሬን አይከሰስም።

ሞዚላ ፋውንዴሽን በ2015 ማብቂያ የ25 መኪና አምራቾችን የግላዊ መረጃ ፖሊሲ መርምሮ ሁሉንም ጣላቸው። ኒሳን በፖሊሲው ሊሰበስበው ይችላል ካለው መረጃ መካከል የደንበኛው የወሲብ እንቅስቃሴ ይገኝበታል። የንስሐ አባትም ቢሆን ይህን የሚሰማው ተናዛዡ ራሱ ሲነግረው ነው።

ቶዮታ ግን ቶዮታ ነው የሚል አይጠፋም። እውነቱን ነው፤ የቶዮታ ዕቃ ዕድሜው ረጅም ነው። ጃፓን ውስጥ ያሉ ወደ 2.15 ሚሊዮን የሚጠጉ ደንበኞቹ መረጃ፣ መኪናቸው የነበረችበትን ቦታ ጨምሮ፣ ሳይቆለፍ ተትቶ ለአሥር ዓመት ያህል ማንም ሊደርስበት በሚችል ሁኔታ መቆየቱን ኩባንያው በ2015 ራሱ አስታውቋል።

ኢትዮጵያም ከዚህ በረከት አልተነፈገችም። በ2016 በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ በገፍ ከገቡት የኤሌክትሪክ መኪኖች ብዙዎቹ ለቻይና ገበያ የተሠሩ ናቸው፤ ስክሪናቸውም ቻይንኛ ነው። በዚያው ዓመት የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጣ፤ ጠባቂውም የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ሆነ። በአዋጁ መሠረት ፈቃድ የሚባለው ሰውየው የሚስማማበትን ጉዳይ አውቆ በነጻነት ሲሰጠው ነው። ስለዚህ መኪናዋን ገዝቶ ወደ አምቦ የሚነዳት ነጋዴ ቻይንኛ ያውቃል ብሎ መገመት ግድ ነው። አለዚያማ ስክሪኑ ላይ «እስማማለሁ» የሚለው የመጀመሪያው ቁልፍ በማን ፈቃድ ተነካ? ምናልባት ጂቡቲ ወደብ ላይ መኪናዋን ያወረደው ሰው ስለ ሁሉም ተስማምቶ ይሆናል።

ጄኔራል ሞተርስስ? በጥር 2017 ይፋ በተደረገው ስምምነት የነጂዎችን የቦታና የአነዳድ መረጃ እንዲህ ላሉ ድርጅቶች እንዳይሰጥ ታገደ፤ ለአምስት ዓመት። ስድስተኛው ዓመት ላይ ሹፌሩ አነዳዱን አሻሽሎ ይጠብቀዋል።

የአምቦው ነጋዴ እስከዚያው ቢያንስ ስክሪኑ ምን እንደሚል ልወቅ ብሎ ስልኩን ያወጣል፤ የትርጉም መተግበሪያ ይከፍታል፤ ካሜራውን ወደ ቻይንኛው ጽሑፍ ያዞራል። መተግበሪያው ከመተርጎሙ በፊት ካሜራውን እንዲጠቀም ይፈቀድለት እንደሆነ ይጠይቀዋል።